የሙዚቃ ትምህርት፦ የለም

ዘጠኝ ዓመት ዜማ ተምሬአለሁ። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ተናድጄ ነው፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር፣ የኔታ ደጃፍ ላይ፣ ከአሥር ዓመቴ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቆሜ ጮኼአለሁ። ማለዳ ዜማ፣ ከዚያ ደብተሬን ይዤ ሩጫ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ተመልሼ ደግሞ ዜማ። ክረምት ጉንፋኑ፣ በጋ አቧራው ጉሮሮዬን እየዘጋው፣ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት ስልት ማዜም እስክችል ድረስ ጮኼአለሁ። ይህን ሁሉ አንድ ኮምፒውተር በአንዲት ቃል ሠረዘው።

ነገሩ የሆነው ደብረ ማርቆስ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ከመጣ በኋላ፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ ራቅ ብሎ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ተማሪዎችን በፈተና እንደሚቀበል በቴሌግራም አየሁ። ፈታኞቹ በየከተማው እየዞሩ ይፈትናሉ፤ ደብረ ማርቆስም ይመጣሉ ይላል። ዩኒቨርሲቲውን በስሙ አልጠራውም። ይቅር ብዬው ግን አይደለም።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ነበር የሚሞላው። የኔ ስልክ ደግሞ ገጹን ሲከፍት ይሞታል። ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ ካለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ጣቶቿ የማይታዩ ፈጣን ሴት ናት፤ ነጠላዬን አይታ «ዲያቆን፣ ቁጭ በል» አለችኝና ትጠይቀኝ ጀመር።

«የምትጫወተው የሙዚቃ መሣሪያ ይላል።»

«ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መቋሚያ» አልኋት።

«መቋሚያ በትር አይደለም እንዴ?»

በትርስ በትር ነው። ግን ቆመን የምንደገፈውም፣ ዜማውን መሬት ላይ የምንመታውም በእሱ ነው። ይህን ላስረዳት ስጀምር ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችልኝ። የሚመረጠው ተደርድሯል፦ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ሳክስፎን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ድምፅ። ከዚህ ውጭ መጻፊያ ቦታ የለውም። ድምፅ በይው አልኋት።

ቀጥሎ «ከዚህ በፊት የወሰዱት የሙዚቃ ትምህርት» የሚል መጣ። ደስ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት በይ አልሁ፤ ጻፈችው። ወዲያው በቀይ ቀለም ሰርተፊኬት ይያያዝ የሚል ወጣ። የዜማ ተማሪ ደግሞ ጨርሶ፣ ተፈትኖ እስኪያስመሰክር ድረስ ወረቀት የሚባል ነገር በእጁ አይገባም። እኔ ለማስመስከር ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

«መምህሬን ልጠይቃቸውና ደብዳቤ ላምጣ?»

«ማኅተም አላቸው?»

የኔታ ማኅተም የላቸውም። የኔታ ያላቸው ሁለት ነጠላ፣ አንድ መቋሚያ፣ እና ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙት ዜማ ነው። ደግሞም ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ቀን ነበር። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ሞከረችልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀዩ ጽሑፍ ወጣ። በመጨረሻ «ዲያቆን፣ ይሄ ነገር አያሳልፈንም» ብላ ዘጠኙን ዓመት አጠፋችውና «የለም» የሚለውን ነካችው። ኮምፒውተሩ ወዲያው አለፈ። የሙዚቃ ትምህርት፦ የለም።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እኔን እንኳ ውሃ አልጠማኝም፤ ከወንዙ መካከል ቆሜ ውሃ አይተህ አታውቅም ተባልሁ እንጂ።

በሌላ በኩል ደግሞ አባቴ አለ። አባቴ መርጡለ ማርያም አካባቢ ገበሬ ነው፤ ለዜማ ቤት የሰጠኝም እሱ ነው፤ ሲሆን ሲሆን መሪጌታ፣ ካልሆነም ቄስ ሆኜ እንድመለስለት። በስልክ ነገርሁት። «ዘጠኝ ዓመት የተማርኸው አዝማሪ ለመሆን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። አዝማሪስ ብሆን ምን አለበት ብዬ የምመልስበት ድፍረት ያን ጊዜ አልነበረኝም፤ ዛሬ ቢሆን እመልስ ነበር። ብቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአባቴ አዝማሪ፣ ለዩኒቨርሲቲው ባዶ ሰው ሆንሁ። መሐል ላይ ያለውን እኔን የሚያውቁት የኔታ ብቻ ነበሩ።

ከየኔታ ሳይሰናበቱ የትም አይኬድም። ተደብቆ የሄደ ተማሪ ትምህርቱ አይባረክለትም ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ፈራ ተባ እያልሁ አንድ ከሰዓት፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ቃል ሲይዙ፣ ገብቼ እጅ ነሣሁ።

የኔታን ላላወቃቸው ሰው እንዴት እንደሚያስተምሩ ልናገር። ደጃቸው ላይ ካለው መደብ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛ ከፊታቸው ቆመን እናዜማለን፤ አንዳንዴ ሦስት ሆነን፣ ሦስታችንም የተለያየ። የሚሰሙ አይመስሉም። አንዱ ከተሳሳተ ግን በመቋሚያቸው የመደቡን ጠርዝ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ያ ማለት ተሳስተሃል ማለት ነው። የቱ ላይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ራስህ ፈልገህ ታገኘዋለህ። የያዝኸውን ትተህ ከክፍሉ ራስ ትጀምራለህ። ደግመው ካንኳኩ ደግመህ ከራሱ። አንድ ቀን ማለዳ አሥራ አራት ጊዜ ከራሱ ጀምሬ አውቃለሁ፤ በአሥራ አምስተኛው ዝም አሉ። ዝም ካሉ ልክ ነው። የኔታ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም፤ እኛ ቤት ምስጋናው ዝምታ ነበር።

ጉዳዬን ስነግራቸው እንደ አባቴ አልጮኹም።

«የሚያስተምሩት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ዜማ ነው፣ የኔታ። የሌላ አገር ዜማም አለበት።»

«ምልክት አላቸው?»

ምልክት የምንለው ከቃሉ በላይ በትንንሽ ፊደልና ጭረት የሚጻፈውን ነው፤ ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚቆረጥ የሚነግረንን።

«አላቸው። በአምስት መስመር ላይ ነው የሚጽፉት» አልሁ፤ በዩቲዩብ አይቼ ስለነበር።

«ምልክት ካላቸውማ የተማሩ ሰዎች ናቸው» አሉ የኔታ፣ ከልባቸው። «ሂድ። ስታዜም ቁም፤ ተቀምጠህ እንዳታዜም። እነሱ ፊት ስትቆምም እኔ ፊት እንደቆምህ ቁጠረው።»

እንደ ቃላቸው አደረግሁ። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ፈተናው የነበረው ደብረ ማርቆስ አንድ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ጊታር በጀርባቸው ያነገቡ፣ ኪቦርድ የተሸከሙ ወጣቶች ተሰልፈዋል። እኔ ባዶ እጄን፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ቆምሁ። አንዱ መጥቶ «አባቴ፣ ጸበል ልትረጩን ነው?» ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከዚያ ድረስ ተስፋዬ ሙሉ ነበር።

ውስጥ ሦስት ፈታኞች አሉ። መሐል ላይ መነጽር ያደረጉ፣ ሸበቶ፣ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። በቀኛቸው ኪቦርድ የያዘች ወጣት መምህርት። በግራቸው ያለው ሰው ከመግባቴ እስከ መውጣቴ ስልኩን ሲነካ ስለነበር ስለ እሱ የምለው የለኝም።

«ቁጭ በል» አሉኝ ኃላፊው፣ ማይክሮፎኑ ፊት ያለውን ወንበር እያሳዩ።

«መቆም ይሻለኛል፣ ጌታዬ።»

«እንደፈለግክ።» ጻፉ። ምን እንደጻፉ እግዜር ይወቀው።

መምህርቷ አንዱን ቁልፍ ነክታ ድምፁን ድገመው አለችኝ። ደገምሁት። ግን በኛ ቤት ድምፅ እርቃኑን አይቆምም፤ ሲገባ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይረጋል። እንዲህ አድርጌ ሰጠኋት። «አይ፣ ድምፁን ብቻ» አለች። ደግሜ ሰጠኋት፤ ያንቀጠቀጥሁትን አሳጠርሁላት። «ብቻውን» አለች። ምን እንደጎደለ እንጂ ምን እንደበዛ ማሰብ አልቻልሁም። ኃላፊው «ቅጥ የለውም» ብለው አጠገቧ አንሾካሾኩ፤ ሹክሹክታ የማይችሉ ሰው ናቸው።

«ኖታ ታነባለህ?»

«አነባለሁ» አልሁ።

ወረቀት ሰጡኝ። አምስት መስመር፣ ላዩ ላይ ጅራት ያላቸው ነጠብጣቦች። ስለ ነጠብጣቦቹ የማውቀው መኖራቸውን ብቻ ነበር።

«ይህን አይደለም» አልሁ። «የኛን ምልክት ነው የማነበው። የፈለጉትን ያምጡልኝ፣ አይቼው የማላውቀውንም ቢሆን፣ ከምልክቱ አንሥቼ አዜመዋለሁ።»

«የናንተ የቱ ነው?»

«ብዕር ይስጡኝ፤ ጽፌ ላሳይዎ።»

«ሰዓት የለንም» አሉና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ከኛው አገር ሰው፣ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የናንተ የቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የሌላ አገር ሰው ቢጠይቀኝ በደስታ አስረዳ ነበር። ያን ዕለት ፊቴ የቀላው ከኀፍረት መስሏቸው ይሆናል።

«በል የመረጥከውን አሰማን» አሉ።

የመረጥሁት ለስለስ ባለው ስልት የሚዜም አንድ ክፍል ነበር፤ የኔታ ራሳቸው ዝም ያሉልኝን። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርሁ። አዳራሹ ጥሩ ነው፤ ድምፄ ሄዶ ይመለስልኛል። ወደ ሦስተኛው መስመር ስገባ ኳ ኳ የሚል ሰማሁ። ኃላፊው በብዕራቸው ጠረጴዛውን መቱ።

ተሳስቻለሁ ማለት ነው። አልተከራከርሁም። ከራሱ ጀመርሁ።

አሁን ይበልጥ ተጠንቅቄ፣ እያንዳንዱን አነሣሥ እየመዘንሁ ሄድሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ኳ ኳ። ልቤ ደነገጠ፤ ቀድሞ ልክ የነበረው ቦታ ላይ ነውና። እኚህ ሰው ከየኔታም የረቀቀ ጆሮ አላቸው ብዬ አሰብሁ፤ እውነት፣ እንዲህ ብዬ አሰብሁ። ከራሱ ጀመርሁ። ኳ ኳ ኳ። ከራሱ ጀመርሁ። አራተኛው ላይ ሳቅ ሰምቼ ዓይኔን ገለጥሁ። ስልክ የሚነካው ሰው እንኳ ስልኩን ጥሎ ይስቃል። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«ወንድሜ፣ በቃ ማለታቸው ነው» አለችኝ መምህርቷ። እሷ ብቻ አልሳቀችም፤ ወይም ቀድማ ጨርሳ ነበር።

«የቱ ላይ ተሳሳትሁ?» አልሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነውሩን ጥሼ ጠየቅሁ።

«አልተሳሳትክም። በቃህ።»

«ካልተሳሳትሁ ለምን ያንኳኳሉ?»

ይህ ይበልጥ አሳቃቸው። ኃላፊው በእጃቸው ወደ በሩ አሳዩኝ። የፈተና አዳራሽ ውስጥ በቃ ለማለት ጠረጴዛ እንደሚመታ ማን ነግሮኝ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በትር ሲመታ ከራሱ ጀምር ተብሎ ላደገ ሰው፣ በቃ የሚባለው በአፍ ነው። በአፍ ማለት ይከብዳል? በር ላይ ለቆሙት ባለ ጊታሮች ታሪኩ ከኔ ቀድሞ ወጥቶ ጠበቀኝ። አንዱ በጫማው አስፋልቱን ኳ ኳ አደረገና «ከራሱ!» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ብቻዬን ስናገር እገኝ ነበር። ስላልተናገርሁት ሁሉ እየተናገርሁ። ስለ ማለፍ ስለ መውደቅ አልነበረም ንዴቴ። ወድቀሃል ቢሉኝ፣ ኖታችንን አታውቅምና ሂድ ተማር ቢሉኝ፣ እውነት ነውና እቀበላለሁ። ያናደደኝ መሳቃቸው ነው። የኔታ በሺህ ስሕተቴ አንድ ቀን አልሳቁብኝም።

ስም ዝርዝሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ በቴሌግራም ወጣ። ስሜ የለም። ማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር ደውዬ ምክንያቱን ጠየቅሁ። አንድ ሰው ወረቀት አገላበጠና «መሠረታዊ የሙዚቃ ዕውቀት የለውም፣ ትእዛዝ አይከተልም ይላል» አለኝ። ትእዛዝ አይከተልም! አራት ጊዜ ከራሱ የጀመርሁት እኔ! ስልኩን ልወረውረው እጄን አንሥቼ የገዛ ስልኬ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተውሁት።

የኔታ እንዴት ሆነ ሲሉኝ ገና አልታወቀም አልኋቸው። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እንዲህ በትንሹ ነው።

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ደብረ ማርቆስ ሳለሁ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ያቺ ወጣት መምህርት ናት።

«ታስታውሰኛለህ?»

«አስታውስዎታለሁ።»

«አንቺ በለኝ። አንድ የቀረ ልጅ ስላለ ቦታ ተገኝቷል። ድምፅህን አልረሳሁትም፤ ለኃላፊው ተከራክሬ አስፈቅጃለሁ። ግን በጀማሪዎች ቦታ ነው የምትገባው። አንድ ቅጽ እልክልሃለሁ፤ ፈርመህ እስከ ዓርብ ላክልኝ።»

እንዳመሰገንኋት አላስታውስም፤ እንዳነባሁ ግን አስታውሳለሁ። ሩጬ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ቤት ሄድሁ። ሴትዮዋ ቅጹን አተመችልኝና እያቀበለችኝ ሳለች ዓይኗ ላዩ ላይ ቀረ። እኔም አየሁት። ግማሽ ገጽ ነው። ከታች እንዲህ ይላል፦ ከዚህ በፊት ከማንኛውም ተቋምም ሆነ መምህር ምንም ዓይነት የሙዚቃ ትምህርት ያልተማርሁ ጀማሪ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

«ዘጠኝ ዓመት ብለኸኝ አልነበረም?» አለች ሴትዮዋ።

መምህርቷን መልሼ ደወልሁላት። «ከመምህር የሚለው ይሰረዝልኝ» አልኋት። «ከተቋም የሚለውን እፈርማለሁ። ከመምህር የሚለውን ግን እንዴት አድርጌ?»

«እሱ እኮ ዝም ብሎ ፎርማሊቲ ነው» አለችኝ። «ለሁሉም አንድ ነው። ከሰረዝክበት ኃላፊው ሰበብ ያገኛሉ፤ ቦታው ይሄዳል። ስንት ለምኜ መሰለህ። ማንም አያነበውም፤ ፈርመውና ና።»

ማንም የማያነበው ከሆነ ለምን ይጻፋል? ያነበበው አንድ ሰው ነበር፤ እኔ። አንዲቱን ቃል ይሰርዙልኝ ብል ምን ይጎድልባቸዋል? ከነሱ ከየትኛው ግድግዳ ላይ ድንጋይ ይነቀላል? በሰው ደጃፍ ዘጠኝ ዓመት የቆመን ሰው፣ ግባ፣ ግን መጀመሪያ ደጃፉን ካድ ይሉታል። እንዲህ ያለ በር የሠራው ማን ነው? ሁለት ቀን ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ አጥፌ ይዤው ዞርሁ። ሐሙስ ለመቅደድ አውጥቼ መልሼ አጠፍሁት። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ዕድል ይመጣል ብዬ ራሴን አላታለልሁም፤ እንደማይመጣ አውቄዋለሁ። እርሻው የወንድሞቼ ነው፣ ቅስናውን ልቤ ሸሽቶታል፤ የምፈልገው ያንን ትምህርት ነበር፤ ከፍቶኝም ተናድጄም የምፈልገው ያንኑ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ፈረምሁ። ሴትዮዋ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ምንም አላለችኝም፤ ምነው ባለችኝ።

አሁን ተመርቄአለሁ። የማያውቀኝ ሰው ምን አጣህና ትናደዳለህ ይለኛል። ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ያው ኃላፊ፣ የኢትዮጵያ ዜማ የሚል ኮርስ ሊያስተምሩን ገቡ። በፕሮጀክተር የኛን ምልክት ግድግዳው ላይ አወጡና ያብራሩ ጀመር። የሚነሣውን ይወድቃል፣ የሚሳበውን ይቆረጣል አሉ። አንድ ባለ ጊታር ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸመኝ፤ ከየት እንደመጣሁ ያውቃልና። እጄን ግማሽ ድረስ አነሣሁ። ከዚያ ፋይሌ ውስጥ ያለው ወረቀት ታየኝ፤ ከማንም አልተማርሁም ብዬ በፊርማዬ ያረጋገጥሁት። እንዴት አወቅህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እጄን አውርጄ ስሕተቱን እንደተናገሩት ጻፍሁት። በፈተናም እንደተናገሩት መለስሁ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ።

በዚያው ዓመት የኔታ ዐረፉ። መንገድ ተዘግቶ ደጀን ላይ ሁለት ቀን ቆየሁና ቀብራቸው አለፈኝ።

ብዙ ጊዜ የምናደደው በፈታኞቹ ነው፤ ይገባቸዋልም። ግን እነሱን ሰድቤ ስጨርስ ንዴቴ አያልቅም። የተረፈውን የምሰጠው ለራሴ ነው። ቅጹን በላክሁ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ልሰናበታቸው ወደ አማኑኤል በሚኒባስ ሄጄ ነበርና።

የኔታ ደጃቸው ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ስር ተደፍቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ። መቀበሌን ነገርኋቸው። ዝም አሉ፤ ያንን የምናውቀውን ዝምታ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አሉ።

«ትምህርትህን እንዴት አገኙት?»

«ተደነቁ፣ የኔታ።»

«ማን አስተማረህ ብለው ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልህ?»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «ስምዎን ጠራሁ» አልሁ። «ጻፉት።»

«ጻፉት?»

«አዎ፣ መዝገብ ላይ ጻፉት።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ለጥቂት ጊዜ ከስሩ ቆዩ። ሲገልጡት ዓይናቸው ርሷል፤ ግን ደስታቸው ሙሉ አልነበረም፤ አንድ ነገር ጎድሎባቸዋል።

«ለኔስ ምን ያደርግልኛል፤ የኔ አይደለም እኮ» አሉኝ። «እኔን ያስተማሩኝን ብትነግራቸው ነበር። ያልነገርኸው ስላላወቅህ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነግሬህ አላውቅም። አሁን ያዝ።»

የመምህራቸውን ስም ነገሩኝ። ከዚያ የመምህራቸውን መምህር ስም፣ ከዚያም እኚያን ያስተማሩትን። ሦስት የሞቱ ሰዎች። ከየት አገር እንደሆኑ፣ በየትኛው ደብር እንዳስተማሩ። ሳልሳሳት እስክይዝ ድረስ በቃሌ አስደገሙኝ፤ እኔም ደገምሁ።

«አደራህን» አሉ እጄን ይዘው። «እዚያው እኔ ስም አጠገብ ይጻፉልን።»

«እሺ፣ የኔታ» አልሁ።